ሒርዚዋ ትቆረጥ ወይስ ትቀመጥ?

ሳልጽፍ ከረምኩ፤ ጥፋተኛ ነኝ። የዛሬው ረዘም ይላል፤ ሻይ ያላችሁ ሻያችሁን፣ ቁጢ የሚገኝላችሁ ደግሞ ቁጢያችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ነገሩ የጀመረው እዚሁ እኔ ቤት ነው። የልጅ ልጄ አርባ ቀኗን የሞላች ዕለት እናቴ ከጁገል መጣች። ሰማንያውን አልፋለች፤ ከግንቡ ውጭ ያለውን የኔን ሰፈር እስከ ዛሬ እንደ ገጠር ነው የምታየው። ቡናው ተጠጥቶ፣ ዱዓእ ተደርጎ ሲያበቃ ከመቀነቷ ውስጥ አንዲት ነገር ፈትታ አወጣችና ሕፃኗ አንገት ላይ አሰረችላት። በቀይ ቆዳ የተሰፋች፣ ከክብሪት ቀፎ የምታንስ፣ በጥቁር ክር የተንጠለጠለች ሒርዚ። "ያንተ ናት" አለችኝ። እኔ ስወለድ ያሠራችውን ይህን ሁሉ ዓመት አስቀምጣ ኖራለች! አላውቅም ነበር።

ማታ ልጄ ከሥራ መጣ። ሕፃኗን አንሥቶ ሊስማት ሲል ክሩን አየ። ምንም አልተናገረም። መቀስ አመጣ፣ ክሩን ቆረጠ፣ ሒርዚዋን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና "አባባ፣ ይሄ እኮ ሽርክ ነው" አለኝ። አልጮኸም፤ አልወረወራትም፤ ልጄ ጨዋ ነው። እናቴ ግን ሻሿን አስተካክላ ተነሣች። ከዚያች ማታ ጀምሮ ይኸው ሦስት ሳምንት የልጄን ስልክ አታነሣም።

እኔ ሸይኽ አይደለሁም። ዕድሜዬን የፈጀሁት ጠመኔ ይዤ ታሪክ በማስተማር ነው። ፈትዋ የፈለገ ዑለማ ይጠይቅ። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። እናቴም ልጄም የሚሉኝ አንድ ቃል ነው፦ "ሃይማኖታችን ነው።" እሷ "አባቶቻችን ሲያደርጉት የኖሩት" ትላለች፤ እሱ "ነቢዩ የከለከሉት" ይላል። ታዲያ ክርክሩ ከመቼ ጀምሮ ነው? ብዬ ሦስቱን ሳምንት ሳነብና ሳስነብብ ከረምኩ። የዐረብኛዬን ነገር ታውቃላችሁ፤ የከበደኝን ቦታ አንድ የማከብራቸው ካቢር ረድተውኛል። (ካቢር ለማታውቁት፦ በሐረር የዲን መምህር የሚጠራበት ነው።)

በስሙ ልጀምር፤ ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ስም ማስረጃ ነው። ሐረሪው "ሒርዚ" የሚለው ከዐረብኛው "ሒርዝ" የመጣ ነው፤ መጠበቂያ፣ መከለያ ማለት። ሶማሌውም ይህንኑ ወስዶ የሰው ስም አድርጎታል፤ ሒርሲ የሚባል የክፍል ጓደኛ ያልነበረው የሐረር ልጅ አለ? ኦሮሞው "ቀርጣሳ" ይላል፤ እሱ ደግሞ ከ"ቂርጣስ" ነው፤ ወረቀት ማለት። አማርኛው "ክታብ" ጻፈ ከሚለው "ከተበ" ነው። ጤና ጣቢያ ሄደን "ክትባት" የምንለውም ከዚሁ ግስ መምጣቱን ስንቶቻችን ልብ ብለናል? አንገት ላይ የሚታሰረውም ክንድ ላይ የሚወጋውም በአንድ ቃል ተሰይሟል።

በሐዲሱ ውስጥ ግን ለክልከላው የገባው ቃል ከእነዚህ ውስጥ የለም። "ተሚማ" ነው የሚለው። ተሚማ ማለት ከእስልምና በፊት ዐረቦች ልጆቻቸውን ከዓይን ለመጠበቅ አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት ጨሌ ነበር። የአሥራ አራት ክፍለ ዘመኑ ክርክር በሙሉ የሚሽከረከረው በዚህች ጥያቄ ላይ ነው፦ ቁርኣን የተጻፈበት ወረቀት ተሚማ ነው ወይስ አይደለም?

የልጄ ማስረጃ ጠንካራ ነው፤ አልክድም። ኢማም አሕመድ ከዑቅባ ኢብን ዓሚር (ረ.ዐ.) በዘገቡት ሐዲስ አሥር ሰዎች ቃል ኪዳን ሊገቡ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጡ። የዘጠኙን ተቀብለው አንዱን ተዉት። ምክንያቱን ሲጠየቁ ተሚማ አስሯል አሉ። ሰውዬው እጁን አግብቶ ቆረጠው፤ ያን ጊዜ ቃሉን ተቀበሉት፤ ተሚማ ያንጠለጠለ አጋርቷል አሉ። እዚህ ላይ የሚደፈነፈን ነገር የለም።

ሁለተኛውን ታሪክ ሳነብ ግን የገዛ ቤቴን ያየሁ መሰለኝ። ኢማም አሕመድ ናቸው የዘገቡት። ታላቁ ሰሓባ ዐብደላህ ኢብን መስዑድ ወደ ቤቱ ሲገባ የሚስቱ የዘይነብ አንገት ላይ ክር ያያል። የተደገመበት ክር ነው። ይቆርጠዋል፤ ይህ የሽርክ ሥራ ነው ይላታል። ዘይነብ ዝም ብላ አልተቀበለችም! ዓይኔን እያመመኝ፣ አንድ ሰው ሲደግምልኝ እኮ ይተወኝ ነበር ብላ ተከራከረችው። እሱም ያ የሸይጧን ሥራ ነው፣ በእጁ እየነካካ ያሳምምሻል፣ ሲደገም ይተውሻል አላት። ቀጥሎ ነቢዩ ለሕመም ይሉት የነበረውን ዱዓእ አስተማራት። ይሄን መጨረሻውን ልብ በሉልኝ። ቆርጦ አልሄደም። በቆረጠው ፈንታ የምትለውን ሰጥቷታል። ለልጄ ይሄን ሳነብለት "አውቀዋለሁ" አለኝ። "ታዲያ ለአያትህ ምን ሰጠሃት?" አልኩት። ዝም።

አሁን ደግሞ የእናቴ ወገን። እሷ ስማቸውን ባትጠራቸውም ጠበቆች አሏት።

ከሰሓባ ዘመን እንጀምር። ዐብደላህ ኢብን ዐምር ኢብኑል ዓስ ከነቢዩ የሰማውን የፍርሃት ዱዓእ ለደረሱ ልጆቹ ያስጠና ነበር፤ አፋቸውን ላልፈቱት ሕፃናት ግን ጽፎ ያንጠለጥልላቸው ነበር ተብሎ በአቡ ዳዉድና በቲርሚዚ ተዘግቧል። በዘገባው ሰንሰለት ላይ የሐዲስ ሊቃውንት ተነጋግረውበታል፤ ከልካዮቹ ደካማ ነው ይላሉ፤ ፈቃጆቹ የሚያቆሙት በእሱ ላይ ነው። ኢማም ማሊክ ለታመመ ሰው የቁርኣን አንቀጽ ለበረከት ቢታሰርለት አይከፋም ብለዋል፤ ዓይን ሳይነካው ለመከላከል ከሆነ ግን አልወደዱትም። ኢማም አሕመድስ? ያንን የዑቅባን ሐዲስ የመዘገቡት ራሳቸው ኢማም አሕመድ፣ ተማሪያቸው ትኩሳት ሲይዘው በወረቀት ጽፈው እንደላኩለት ኢብኑል ቀይም በመጽሐፉ አስፍሯል። ኢብኑል ቀይም የማን ተማሪ እንደሆነ የምታውቁ ፈገግ ትላላችሁ።

እኛ ሐረሮች ሻፊዒዮች ነን። በጁገል ውስጥ ቂርኣት የተቀመጠ ሁሉ የኢማም ነወዊን "ሚንሃጅ" ያውቃል። ነወዊ በ676 ሒጅራ የሞቱ የሻፊዒ መዝሀብ ምሰሶ ናቸው። ስለ ቁርኣን አያያዝ በጻፉት "አት-ቲብያን" ስለ ሒርዝ ያነሡት አንድ ቦታ አለ። ቁርኣን ከሌላ ነገር ጋር የተጻፈበት ሒርዝ ሐራም አይደለም ይላሉ፤ ባይያዝ ግን ይሻላል፤ ሰው ያለ ውዱእ ይዞት ይዞራልና። ከተጻፈም ማሊክ እንዳሉት ይጠበቅ ብለው ይጨምራሉ፦ በሸምበቆ ውስጥ ይግባ፣ ወይም በቆዳ ይሰፋ።

በቆዳ ይሰፋ! ከዚህ ዐረፍተ ነገር ላይ ስደርስ ተነሥቼ ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ሒርዚ አየኋት። ቀዩ ቆዳ፣ ያ ጥብቅ ስፌት ለጌጥ ይመስለኝ ነበር። ለካ የፊቅህ ድንጋጌ ነው። ያንን የሰፋ ሰው ነወዊን ላያውቃቸው ይችላል፤ እጁ ግን ያውቃቸዋል።

ስፌቷ በአንድ ጎን ላልቶ ነበር። ለእናቴ ደውዬ ልክፈታት ወይ አልኳት። ብዙ ዝም አለች፤ ከዚያ "ባለቤቷ አንተ ነህ፤ እኔን ምን ትጠይቀኛለህ" አለች። ከፈትኳት።

ውስጧ አራት ማዕዘን ሆና የታጠፈች፣ ጠርዟ ቡኒ የሆነ ወረቀት ነበረች። ቀለሙ አልለቀቀም። ከላይ ቢስሚላህ፣ ከዚያ አያተል ኩርሲ፣ ከዚያ ፈለቅና ናስ። ጽሕፈቱ የሚያምር ነው፤ የጻፈው ሰው ስሙን አልተወም። ከታች ጥጉ ላይ ግን ዘጠኝ ክፍል ያላት ትንሽ ሣጥን ተሥላለች፤ በየክፍሉ አንዳንድ ቁጥር፦ 4፣ 9፣ 2፤ ከሥሩ 3፣ 5፣ 7፤ ከሥሩ 8፣ 1፣ 6። ደምሩት። ወደ ጎን 15፣ ወደ ታች 15፣ በሰያፍም 15። የሒሳብ መምህራን ወዳጆቼ ትስቁ ይሆናል፤ ይቺ ሣጥን በቻይናም ትታወቃለች።

በእኛው ዓለም ታሪኳ ረጅም ነው። በዐረብኛ እያንዳንዱ ፊደል የቁጥር ዋጋ አለው፤ በአራቱ ጥግ የቆሙት 2፣ 4፣ 6፣ 8 በፊደል ሲመለሱ "ቡዱሕ" የሚል ቃል ይወጣቸዋል። ክታብ ጻፊዎች ቃሉን እንደ ስም ያዩታል። ይህን የፊደልና የቁጥር ሥራ በብዛት የያዘው በአል-ቡኒ ስም የሚጠራው "ሸምሱል መዓሪፍ" ነው፤ ብዙ ዑለማ እንዳይነበብ ያስጠነቅቃሉ። የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ሣጥኗን ኢማም ገዛሊም ጠቅሰዋታል! በ505 ሒጅራ የሞቱት ገዛሊ፣ ሻፊዒው፣ "አል-ሙንቂዝ" በተባለው መጽሐፋቸው፣ ምጥ ለጸናባት ሴት ውኃ ባልነካው ሁለት ጨርቅ ላይ ይህ ሣጥን ተጽፎ እንደሚሰጣት፣ አይታው ከእግሯ ሥር እንደምታደርገው ይናገራሉ። ያነሡት አእምሮ የማይደርስበት ነገር መኖሩን ለማስረዳት ነው። ቢሆንም ከእሳቸው በኋላ ሣጥኗ በስማቸው መጠራት ጀመረች።

ካቢሩ ወረቀቷን በመነጽራቸው ሥር ብዙ አገላበጧት። ላይኛው ክፍል ላይ ሊቃውንት ተለያይተዋል አሉኝ፤ ታችኛው ላይ ግን እኔ ከልጅህ ጋር ነኝ። ምክንያታቸውን ሲነግሩኝ ሦስት ነገር አነሡ፤ ፈቃጆቹ ሁሉ የሚያስቀምጡት መስፈርት ነው። የተጻፈው የአላህ ቃል፣ ስሙ ወይም ዱዓእ ይሁን። ትርጉሙ የሚታወቅ ይሁን፤ የማይታወቅ ስም ምን እንደሚጠራ ማን ያውቃል? የያዘው ሰው ደግሞ የሚጠብቀኝ ወረቀቱ ሳይሆን አላህ ነው ብሎ ይመን። ነቢዩም ስለ ሩቅያ ሲጠየቁ አሳዩኝ፣ ሽርክ ከሌለበት ችግር የለውም ማለታቸውን ሙስሊም ዘግቧል። ከልካዮቹ የሚመልሱት፦ ሩቅያ የሚነበብ ነው፣ ሒርዝ የሚንጠለጠል ነው፤ በማንጠልጠል ላይ የመጣው ክልከላ ቁርኣንን አልለየም፤ በሩ ከተከፈተ ደግሞ ዛሬ አያተል ኩርሲ፣ ነገ ሣጥን። እኔ ቤት የሆነውን ስታዩት ይሄ ሦስተኛው ነጥባቸው አላጋነነም። ከሱረቱ ናስ በታች ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ ሣጥኗ ተቀምጣለች።

የዓይንን ነገር በሚመለከት ግን ሁለቱም ወገን አልተጣሉም። ዓይን እውነት መሆኑ በቡኻሪም በሙስሊምም ያለ ነው። ለሐረር ሰው ይሄ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ከአምስቱ የጥንት በሮቻችን አንዱ፣ በድሪ በሪ፣ በአማርኛ ስሙ ማን ነው? ቡዳ በር! በየቀኑ ገብተን እንወጣበታለን። ጸቡ በመድኃኒቱ ላይ ነው።

ታዲያ ጸቡ ሐረር የገባው መቼ ነው? ብዙዎቻችሁ "ይሄ የሰሞኑ ልጆች ነገር ነው" ትላላችሁ። አይደለም፤ ሰማንያ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ቢበልጥም እንጂ።

ሐረር የወልይ ከተማ ናት። በአባድር፣ በአሚር ኑር፣ በአይ አቢዳ፣ በአው ሐኪም ስም የምንምል ሰዎች ነን። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. ጁገልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ 82 መስጊድና 102 አዋች ቆጥሯል፤ የወልዮቹ ቁጥር የመስጊዱን በልጧል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሸይኽ ሃሺም የጻፉት የሶለዋት ኪታብ "ፈትሑ ረሕማኒ" እስከ ዛሬ ይነበባል። እንዲህ ባለች ከተማ ሒርዚ እንግዳ አልነበረችም። ግብፆች በ1868 ዓ.ም. ገብተው አሥር ዓመት ሲገዙ፣ ምኒልክም በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ አሸንፈው ሲገቡ በየአንገቱ ነበረች።

ለውጡ የመጣው ከጣልያን ጋር ነው ብል አትሣቁብኝ። ጣልያን በ1928 ዓ.ም. ከገባ በኋላ የሙስሊሙን ልብ ለመሳብ የሐጁን መንገድ አቀለለ። መካ የሚደርሰው ሰው በዛ። መካ ደግሞ ከጥቂት ዓመታት በፊት በሳዑዲዎች እጅ ገብታለች። የሙሐመድ ኢብን ዐብዱልወሃብ "ኪታቡ ተውሒድ" በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎቹ ስለ ቀለበት፣ ስለ ክርና ስለ ተሚማ ይናገራል፤ ሐጁም ተማሪውም ይህንን ትምህርት ይዞ ተመለሰ። ጣልያን ከወጣ በኋላ በነበሩት ዓመታት ክርክሩ በሐረር ሊቃውንት መካከል ጋለ። የከተማው ልጅ ሸይኽ ዐብደላህ አል-ሐረሪ ከአሮጌው ወገን ቆመው ተከራከሩ። ብዙ ሳይቆዩ ከአገር ወጡና በመጨረሻ ቤሩት ላይ ተቀመጡ። "አሕባሽ" የሚለው የተማሪዎቻቸው ስም ከእሳቸው አገር የተወሰደ ነው። ቁርኣንና ዚክር የተጻፈበትን ሒርዝ መያዝ ይፈቀዳል ከሚሉት ውስጥ በዓለም ላይ ድምፃቸው ከፍ ብሎ የሚሰማው እነሱ ናቸው። ሸይኹ በነሐሴ 2000 ዓ.ም. ቤሩት ላይ አረፉ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ትምህርቱ ከሊባኖስ ወደዚህ ተመልሶ መጣ፤ በ2004 ዓ.ም. የሆነውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። የሕዝቡ ጥያቄ መንግሥት በሃይማኖታችን አይግባ የሚል ነበር እንጂ ስለ ሒርዚ አልነበረም። ግን ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ተበላሸ። አንገት ላይ የታሰረች ክር የፖለቲካ መታወቂያ ሆነች። የታሰረላት "የእነ እንትና"፣ የቆረጠ "የእነ እንትና"። እናቴ ስለ ቤሩት ምን ታውቃለች? እሷ የምታውቀው ከእኔ በፊት የወለደቻቸው ሁለት ልጆች ዓመት ሳይሞላቸው መሞታቸውን ነው። ሦስተኛው ላይ ሒርዚ አሠራች። ሦስተኛው እኔ ነኝ።

ይሄን የነገረችኝ ባለፈው ሳምንት ነው። ለልጄ ነግሬዋለሁ።

ክርስቲያን ተማሪዎቼ "የናንተ ጉዳይ ነው" ብላችሁ እንዳታልፉት ትንሽ ልንካችሁ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በ"መጽሐፈ ብርሃን" ጥንቆላንና አስማትን ምን ያህል እንዳወገዙ ታውቃላችሁ፤ አስተምሬያችኋለሁ፣ ፈተና ላይም አውጥቼዋለሁ። ከዚያ በኋላ አምስት መቶ ዓመት ሙሉ ደብተራው ብራና ሲከትብ ኖረ፤ እናቶቻችሁም ሲያስሩላችሁ። ሰሎሞንም በሁለታችንም ክታብ ውስጥ አለ፤ የእሱን ማኅተም ሳይሥል የሚውል ክታብ ጻፊ ጥቂት ነው።

ልጄንም ሳልነካው አላልፍም። መኪናው ውስጥ ከመስታወቱ በላይ አያተል ኩርሲ ተለጥፏል። "ይሄስ?" አልኩት። "እሱ ለማስታወስ ነው፤ ሳየው አነበዋለሁ" አለኝ። አመንኩት። ግን እናቴም እኮ በየማታው ሕፃኗ ላይ ሦስቱን ቁሎች ቀርታ፣ በእጇ ነፍታ ነው የምትዳብሳት፤ ነቢዩ ሲተኙ ለራሳቸው ያደርጉት እንደነበረው። ሒርዚዋን ከዚያ በላይ ነው የጨመረችው እንጂ በዚያ ፈንታ አላደረገችውም።

የኔን ሐሳብ ለምትጠይቁኝ፦ በሣጥኗ ነገር ልጄ ልክ ነው። ወረቀቷን ወደ ቆዳዋ አልመለስኳትም፤ ሕፃኗም አንገት ላይ አትመለስም። ግን "ወሃቢያ ያመጣው ክልከላ" የሚለኝን ኢብን መስዑድን አነብለታለሁ፤ "የመሃይማን ልማድ" የሚለኝን ደግሞ ነወዊን። መቀሱን በተመለከተ፣ የእናትህን እናት ወይም የአባትህን እናት እጅ ሥራ እሷ ፊት አይቆረጥም። ፈትቶ እጇ ላይ መስጠት ይቻል ነበር። ይሄ ፊቅህ አይደለም፤ የኔ ነው።

አንድ ልመናም አለኝ። ቤታችሁ ያረጀ ሒርዚ ካለና አናስረውም ካላችሁ እሳት ውስጥ አትጨምሩት። ቁርኣን ስላለበት ብቻ አይደለም። የሐረር ጸሐፊዎች እጅ ከየሙስሐፉ ሌላ የቀረው እዚያ ውስጥ ነው። በራስ ተፈሪ ቤት ባለው በሸሪፍ ሙዚየም ያሉትን የእጅ ጽሑፎች ያየ ሰው የምለው ይገባዋል። የኔዋ በጥቁር ቀለም፣ በሰፊ ብዕር የተጻፈች ናት፤ የ"ዐይን" ፊደሏ አፏ ሰፊ ነው። ይህን እጅ የሚያውቅ ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ ጸሐፊውን ማወቅ እፈልጋለሁ።

ትናንት ማታ እናቴ ደወለች። ለእኔ ነው የደወለችው፤ ልጄ አጠገቤ መቀመጡን ግን ታውቃለች። ስለ ሕፃኗ እንቅልፍ ጠየቀች፣ ስለ ሆድ ቁርጠቷ ጠየቀች። ከዚያ "የአሥረኛ ሳምንት ክትባቷ መቼ ነው?" አለች። ሐሙስ ነው አልኳት። "ማን ይወስዳታል?" አባቷ አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና፦

"በሸዋ በር በኩል ይምጣና ይውሰደኝ በለው። እኔም እሄዳለሁ።"